በረኛችንን «ወንፊት» ያልኩት እኔ ነኝ

ዛሬ ሚዛን ሜዳ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተሸፋፍኜ የተቀመጥኩት በርዶኝ እንዳይመስላችሁ። አፍሬ ነው!

ክለባችን የውድድር ዘመኑን በሁለት ሽንፈት ሲጀምር «የበረኛችን እጅ ወንፊት ነው» ብዬ እዚሁ ጽፌ ነበር። እናንተም አልቀራችሁም፣ እየሳቃችሁ አጋራችሁት። አሰልጣኙ ደግሞ «ዛሬ ካልተሻሻለ ተቀያሪ ይሆናል» አለ።

አጠገቤ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? የበረኛው እናት! የቡና ለቀማቸውን አቋርጠው ከቴፒ መጥተዋል።

«ልጄን ወንፊት ያለችውን ሴትዮ ታውቂያታለሽ?» አሉኝ።

«እ... በስም» አልኳቸው።

«ልጄ እኮ ከቅጠሉ መሃል ቀዩን ብቻ እየለየ ሲለቅም ያደገ ነው። እስቲ እሷ አንድ ጣሳ ለቅማ ታሳየኝ!»

አንድ ለዜሮ እየመራን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ክንዴን ጨመደዱት።

ልጁ ወደ ግራ ተወርውሮ ኳሷን እቅፍ!

እየዘለልን ተቃቀፍን። አላስችል ሲለኝ «እማማ፣ ሴትዮዋ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ገና ስቀመጥ፣ ተሸፋፍነሽ ሳይሽ አውቄሻለሁ» ብለው ሳቁ። «ቅዳሜ ቅርጫት ይዘሽ ለለቀማ ነይ። እጅሽን እናየዋለን።»

ግምገማዬ ይኸው፦ አማካዮቻችን ተግባብተዋል፣ አጥቂዎቻችን ገና ይቀራቸዋል፣ በራችን ግን ባለቤት አለው።

እናንተስ ያማችሁት ተጫዋች እንዲህ አሳፍሯችሁ ያውቃል? ንገሩኝ እንጂ፣ ብቻዬን አልፈር! እኔም ቅዳሜ እማማ በቅርጫቴ ውስጥ ስንት ጥሬ ፍሬ እንዳገኙብኝ ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።