ዊሌም ዘሩን የቆጠረ ዕለት

ፀሐይወርቅ መካኒሳ በሚባለው ሰፈር፣ በአባቷ ግቢ ባለች ጠባብ ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ያን እሑድ ግን ኮሌታውን ገልብጣ ሰፍታ ፈታችው፤ ሽማግሌ ይመጣላታላ።

ጊዜው 1974 ዓ.ም. ነው። ሊያገባት የፈለገው ዊሌም፣ ከናሚቢያ ተሰዶ የመጣ የብየዳ አስተማሪ ነው። ሽማግሌ የሆኑለት ጎረቤቱ ባለሱቁ ሙሄ ናቸው። ሙሄ ታዲያ በአገራችን ተደርጎ የማይታወቅ ነገር አደረጉ፤ ሙሽራውን ራሱን ይዘው መጡ።

«ዘሩን ሲጠይቁኝ እኔ ምን ብዬ ልቁጠርለት?» አሉ። እውነታቸውን ነው።

አባቷ አቶ ገሠሠ እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይሰጡም። የታላቅ እህቷን ጠያቂ አራተኛው ላይ ቢደናቀፍ መልሰውታል። ፀሐይወርቅ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ታዳምጣለች።

ዊሌም አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ቆጥሮ ሦስተኛው ላይ ቆመ።

«ከዚያ በላይ ያለው ነጭ ነው» አለ በመጨረሻ፣ በተሰባበረ አማርኛ። «ቋንቋውን አፍሪካንስን ትቶልናል፤ እሱን ግን የሚያውቀው የለም። እናቲቱ ጥቁር የአገሩ ሰው ናት። ባስተር ይሉናል፣ ድቅል ማለት ነው። እኛም አላፈርንበትም፣ ስማችን አደረግነው። አያቴ ዘር ስታስቆጥረን ከዚህ በኋላ ሰው አትቆጥርም፤ ሰዎቻችን መሬት ተነጥቀው ሲሰደዱ በሬ የሚጎትተው ጋሪያቸው ያደረበትን ውሃ ነው የምትቆጥረው።»

«እስቲ ቁጠረው» አሉ አቶ ገሠሠ።

«የተነሱበት ደ ታይን። የተሻገሩት ጋሪብ ወንዝ። የሰፈሩበት ርኆቦት።»

አቶ ገሠሠ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ብስራተ ገብርኤል ቅዳሴ የማያስታጉሉ ሰው ናቸው። «ይስሐቅ የቆፈረው ጉድጓድ? የፊተኞቹን ነጥቀውት፣ በዚህኛው ግን የተዉት?»

«ስሙ ከዚያ የወጣ ነው።»

«ስድስት ሆነ» አሉ ሙሄ ቀስ ብለው፤ ሱቁ ውስጥ ዕቃ እንደጎደለበት ሰው ፊታቸው ጠቆረ። ዊሌም አንገቱን ደፋ። ከርኆቦት በኋላ ያለው ስደት ብቻ ነው፤ ያደረበትን ሁሉ አገሬ አይለው ነገር።

ፀሐይወርቅ መጋረጃውን ጨምድዳ ያዘች። አለቀልኝ ብላለች።

አቶ ገሠሠ ግን ወደ ውጭ፣ ወደ ጉድጓዳቸው አመለከቱ። የሰፈሩ ሰው ቧንቧ ሲጠፋ የሚቀዳበት ነው። «ትናንት ከዚያ ለልጄ ውሃ ስትቀዳላት አይቼሃለሁ» አሉ። «ሰባተኛው መካኒሳ ነው።»

አቶ ገሠሠ ካረፉ ቆይተዋል፤ ፀሐይወርቅ ዛሬም ከጉድጓዱ የባልዲ ድምፅ በሰማች ቁጥር ይናፍቋታል። ትንሿ ልጇ ደግሞ ዘርሽን ቁጠሪ ሲሏት መካኒሳን ከአያቶቿ መካከል ታስገባዋለች። ማንም አያርማትም።