ፈረሱንስ ማን አደራጀው?

ፈረሱ ዞረ... ካድሬው ጀርባው ላይ እንዳለ ዞረ... ሕዝቡም በአንድ ጊዜ በሳቅ ፈነዳ። ያ ሳቅ የሚያመጣውን ብናውቅ ኖሮ አፋችንን በእጃችን እንይዝ ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ዘመኑ ደርግ ነው፣ አገሩ አሰብ። እኔ ወደብ ላይ ክሬን ኦፕሬተር ነበርኩ። ጎረቤቴ ደምሴ ደግሞ በያጅ፤ የወረኢሉ ልጅ፣ ፈረስ ላይ ያደገ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው። የአብዮት በዓል ሲቃረብ ካድሬያችን ስብሰባ ጠራና «ዘንድሮ ጉግስ እናሳያለን» አለ። አሰብ ላይ ፈረስ! ግመል እንኳ ጥላ ፈልጎ በሚቆምበት ሙቀት...

ፈረሶቹ ከወሎ በጭነት መኪና እስኪመጡ ልምምዱ በእግር ሆነ። ትልልቅ ሰዎች ዘንግ ይዘው አሸዋ ላይ ሲሯሯጡ ሆዳችንን ይዘን አየናቸው። ቀይ ጨርቅ ያሰሩት «አብዮተኞች» ያባርራሉ፣ ዘንግ ይወረውራሉ። ነጭ የለበሱት «አድሃሪያን» ይሸሻሉ፣ በጋሻ ይከላከላሉ። ታዲያ አድሃሪ የሚሆን ሰው ጠፋ። በመጨረሻ ደምሴ «ለትርኢት ነው፣ ምን አለበት» ብሎ የአድሃሪዎቹ መሪ ሆነ። አብዮተኞቹን የሚመራው ካድሬው ራሱ ነው።

ደምሴን ግን አንድ ነገር ከንክኖታል።

«ጓድ፣ ጉግስ እኮ ተራ አለው። ሜዳው ሲያልቅ ያባረረው ዞሮ ይሸሻል፣ የሸሸው ያባርራል።»

«አብዮት አይሸሽም፣ ጓድ ደምሴ!»

አለቀ። ፈረሶቹ የደረሱት በዋዜማው ነበር። እነሱን ስብሰባ የጠራቸው የለም።

በበዓሉ ቀን ካድሬው በካኪው ተኮፍሶ፣ ደምሴን እያባረረ ሜዳውን ጨረሰ። ጭብጨባ በጭብጨባ ሆነ። እዚያው ላይ ቢቆሙ ጥሩ ነበር። የደምሴ ፈረስ ግን የሜዳው ጫፍ ሲደርስ ዕድሜ ልኩን እንደለመደው ለማባረር ዞረ። የካድሬውም ፈረስ ተራው መሆኑን ያውቃልና ፊቱን አዙሮ ፈረጠጠ። ካድሬው አንገቱ ላይ ተለጥፎ፣ ቆቡ ወድቆ... ደምሴ ከኋላው «ጓድ! ልጓሙን ይሳቡ! ልጓሙን!» እያለ ይጮሃል። እኛ እንስቃለን።

ካድሬው ወርዶ ዞር ብሎ ሲያየን ጸጥ አልን።

በማግስቱ ለግምገማ ተጠራን። ደምሴን መሃል አቆሙት።

«ማን አደራጀህ?»

«ኧረ ጓድ፣ ፈረሱ ነው የዞረው! ለምዶበት ነው።»

«ፈረሱንስ ማን አደራጀው?»

ማንም አልሳቀም። ደምሴን ከዚያው ወሰዱት።

ሚስቱ አስካለ በየቀኑ ስንቅ ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ትሰለፍ ነበር። ሰው እሷን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ሥራ በሌለኝ ቀን እኔ አብሬያት እሄዳለሁ። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስላት «በልቷል፤ አለ ማለት ነው» ትለኛለች።

ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። ካድሬው የነበረበት ቡድን ራሱ «አድሃሪ» ተባለና እሱም ታሰረ። አንድ ጠዋት አንዲት ሴት ሳህን በጨርቅ ቋጥራ ከአስካለ ኋላ መጥታ ቆመች። የካድሬው ሚስት ናት። አስካለ አወቀቻት። አሁን መፋጀታቸው ነው ብዬ መሃላቸው ልገባ ተጠጋሁ።

«እህቴ... እንዲህ ዝም ብሎ ነው የሚሰጠው?» አለች ሴትዮዋ።

አስካለ ሳህኑን አየችው። «ሳህኑ ላይ ስሙን ጻፊበት። አለዚያ ይጠፋብሻል» አለቻት።

ዘበኛው መጣ። የካድሬውን ሚስት ሳህን ተቀበለ። የአስካለን ግን ገፋ አደረገው።

«አንቺ ከዛሬ ጀምሮ እንዳታመጪ።»

በዚያን ጊዜ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም። አስካለ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። የካድሬው ሚስት አቅፋት አለቀሰች... ለማን እንዳለቀሰች እንጃ።

አስካለን ወደ ቤት ስመልሳት ያልተበላውን ስንቅ የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ።

ዛሬም ሰው ሲያባርር ደስ ብሎት ባየሁ ቁጥር... «ሜዳው የት ላይ እንደሚያልቅ ነግረውት ይሆን?» እላለሁ።