መንገደኛው ተከላካይ

እናቴ ስለ ወንድሜ ሥራ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስታስረዳ "ሰው ይገፋል፣ በደመወዝ" ትል ነበር። ሰዎቹ ግር ሲላቸው እኔ እህቱ ጣልቃ እገባና በትክክል ለማስረዳት እሞክራለሁ። የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነው፤ ተከላካይ ነው፤ ተከላካይ ማለት ደግሞ የሌላውን ቡድን ሰዎች ከራሱ ጎል ፊት በትከሻውና በደረቱ የሚያስለቅቅ፣ ተመትቶ የሚመጣውን ጠንካራ ጥቁር ጎማም በእግሩ የሚያስቆም ሰው ነው እላለሁ። እናቴ እስክጨርስ በትዕግሥት ትጠብቅና "እኔስ ምን አልኩ?" ትላለች።

ጨዋታውን የጀመረው ሚኒያፖሊስ አጠገብ ኮሎምቢያ ሃይትስ ውስጥ ካለው አፓርትማችን ጀርባ ነው። ብርዱ ሲገባ የከተማው ሠራተኞች እዚያ ሜዳ ላይ ውኃ እያፈሰሱ በረዶ ያደርጉታል። የመጀመሪያ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማውን ጎረቤት ሰጠው፤ ስለሚሰፋው ካልሲ ደራርቦ ያደርገው ነበር። ከእኩዮቹ ሁሉ ግዙፍ ስለሆነ አሠልጣኙ ከኋላ አቆመው፤ ከዚያ ወዲህ ከኋላ ሆኖ ቀረ። ሃይስኩል ሳይጨርስ ለጨዋታ ሲል ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ ቀጥሎም በታችኛው የፕሮፌሽናል ሊግ ተቀጠረ። ጎል ማግባት ብዙም አይሆንለትም። አንድ ጊዜ ስጠይቀው "እኔ ጥሩ ስጫወት ምንም ነገር አይፈጠርም" አለኝ፤ በዚህም ደስተኛ ነበር።

የተቀጠረበት ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ እንደ ልማዱ ጾመ። ሰውነቱ እየቀለለ ሄደ፤ የቀለለ ተከላካይ ደግሞ ራሱ ይገፋል። ከአንዱ ጨዋታ በኋላ ለንስሐ አባታችን ደወለላቸው። እሳቸውም "ልጄ፣ የምትኖረው አውቶቡስ ላይ ነው። መንገደኛ ነህ። የቀረበልህን ብላ፣ ጸሎትህን ግን አታስታጉል" አሉት። በየዓመቱ በዚህ ቆየ፤ እናቴም እፎይ አለች።

እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት፣ ጾሙ እንደተጋመሰ፣ ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ ሴንት ፖል ካለው ከላይኛው ሊግ ቡድን ስልክ ተደወለለት። አንድ ተከላካይ ተጎድቶባቸው ነበር። አሠልጣኙ ካመነበት እስከ ውድድሩ መጨረሻ ይቆያል፤ ካላመነበት በማግስቱ ወደ ታችኛው ሊግ ይመልሱታል። ወንድሜ ይህችን ስልክ ለዓመታት ሲጠብቅ ነበር። ቡድኑ ሆቴል ቢይዝለትም እናቴ አልሰማ ብላ እኛ ቤት አሳደረችው።

የመጣ ዕለት ሥጋ ጠበሰችለት። አባቴ ሻኮፒ ካለው መጋዘን ሥራውን ጨርሶ ሲገባ ሽታው በር ላይ ተቀበለው።

"ቤት ተሳሳትኩ እንዴ?" አለ ጫማውን እያወለቀ። "በጾም?"

"ለልጁ ነው" አለች እናቴ። "አንተ ሽሮህ እዚያ አለልህ።"

ወንድሜ ሳህኑን ቀስ አድርጎ ወደ መሃል ገፋው። "እማ፣ አሁን እኮ ቤት ነኝ።"

"ቤትህማ ነው! ብላ!"

"መንገደኛ አይደለሁም ማለቴ ነው። አባ የፈቀዱልኝ መንገድ ላይ ስለሆንኩ ነበር። እዚህ ግን አልጋዬ ላይ ነው የማድረው።"

እናቴ ማንኪያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። "ዓመቱን ሙሉ በሰው አገር ስትበላ ቆይተህ፣ እናትህ ቤት ስትደርስ ነው የምትጾመው? ያውም አሁን? እነዚያ ሰዎች አንተን ለመጣል ሥጋ እየበሉ ነው እኮ!"

አባቴ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "የሰው እናት ልጇን ጹም ብላ ትለምናለች፤ የኛዋ ደግሞ ይኸው!"

ወንድሜ ግን ቀልድ አልያዘም። ከልጅነቱ ጀምሮ የተፈቀደለትንና ያልተፈቀደለትን ለይቶ የሚያውቅ ልጅ ነው፤ ሜዳ ላይም ጥፋት አያበዛም። እናቴ ተናዳ የንስሐ አባታችን ጋ ደወለችና ስልኩን ሁላችን እንድንሰማ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። እሳቸው ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስለሚነዱ በጊዜ ነው የሚተኙት፤ ድምፃቸው እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል።

"ስንት ቀን ትቆያለህ ልጄ?" አሉት ነገሩን ከሰሙ በኋላ።

"አላውቅም አባ። ነገም ሊመልሱኝ ይችላሉ።"

"ሻንጣህን ፈታህ?"

ሁላችንም ወደ ኮሪደሩ ዞር አልን። ሻንጣው እንደተቆለፈ ቆሟል።

"አልፈታሁም።"

"እንግዲያው ምን ትጠይቀኛለህ? መንገደኛ ነሃ። ብላ ልጄ፤ እኔንም አስተኙኝ።"

እናቴ ስልኩን ሳመችው። ወንድሜ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበና በላ።

በእነዚያ ቀናት ቤታችን ደስ ይል ነበር። እናቴ ሚኒያፖሊስ ከምትሠራበት ሆስፒታል ስትመለስ፣ አባቴም ከመጋዘኑ ሲመጣ፣ ጨዋታ ካለ ሶፋው ላይ ተደርድረን እናያለን። ወንድሜ በስክሪኑ ላይ ብዙም አይታይም። አባቴ "የታል?" እያለ ይጠይቃል፤ እኔም "ምንም ካልተፈጠረ እዚያ አለ ማለት ነው" እለዋለሁ።

አንድ ቀን ከልምምድ ሲመለስ ፊቱ ተለውጦ ነበር። "ቤት ፈልግ አሉኝ" አለ።

እናቴ ደረቷን ያዘች። "ምን አጠፋህ?"

"አይደለም እማ። በዚህ ሥራ ትቆያለህ ብሎ የሚነግርህ ሰው የለም። ቤት ተከራይ ካሉህ አትመለስም ማለት ነው።"

እልልታዋን ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰሙት። አቀፈችው፣ አገላብጣ ሳመችው፤ ከዚያ በድንገት እጇን ሰብስባ ቀና ብላ አየችው።

"ቆይ። አሁን መንገደኛ አይደለህም ልትለኝ ነው?"

"አዎ እማ። ከነገ ጀምሮ እጾማለሁ።"

እናቴ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። "ሥራውን ያዘው ስንል በራሱ እጅ ሊለቀው ነው" አለች ለማንም ሳይሆን።

ያኔ ነው "እኔ አበስልለታለሁ" ያልኩት። ስለ ምግብ የሚያስተምር ኮርስ ወስጄ ነበር፤ የተማርኩትን አንድ ሰው ቢፈልገው ብዬ እመኝ ነበር። ምስር፣ ሽምብራና ለውዝ አንድ ላይ ምን ያህል ጉልበት እንደሚሰጡ ዘርዝሬ አስረዳኋቸው። እናቴ ሐኪም እንደምትሰማ ሆና አዳመጠችኝ። የንስሐ አባታችንም ወንድሜ ከልምምድ እንደተመለሰ ሰዓት ሳይጠብቅ እንዲበላ፣ ከከተማ ሲወጣም የቡድኑን ምግብ እንዲበላ ፈቀዱለት። አባቴ "የዚህ ልጅ ጾም ኤርፖርት ላይ ነው የሚጀምረው" ይል ነበር።

የመጀመሪያ ሙከራዬ አልተሳካም። ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉ በበርበሬ ጠብሼ አቀረብኩለት።

"ይሄ ምንድነው? ስፖንጅ ነው?" አለኝ ወንድሜ።

"ፕሮቲን ነው።"

አባቴ አንድ ቁራጭ ቀመሰና "ሥጋ አትብሉ ነው የተባለው እንጂ ስፖንጅ ብሉ አልተባለም" አለ። ቶፉውን ትቼ ወፍራም ምስር ወጥ ሠራሁ፤ የተፈጨ ለውዝ ጨመርኩበት፤ በጎኑ ሩዝና አቮካዶ አደረግሁ። ወንድሜ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ ጨረሰ።

ጾም ላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተ ማታ ሁላችንም ሴንት ፖል ሄደን ስታዲየም ገባን። እናቴ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች የሆስፒታል ልብሷን አልቀየረችም። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሌላው ቡድን አንድ ግዙፍ አጥቂ ወንድሜን ከግድግዳው ጋር አጋጨውና በረዶው ላይ ዘረረው። እናቴ ብድግ አለች።

"አንተ! ጾመኛ ነው እኮ! ተው!"

ከፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ዞረው አዩን። አንደኛው አጨበጨበላት። እኔ ግን ምስሩ አንሶት ይሆን እያልኩ ማሰብ ጀመርኩ። ያ አጥቂ እኔ ያበሰልኩትን የሚፈትን ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ያው ሰውዬ ጎላችን ፊት መጥቶ ቆመ። ወንድሜ ከጎኑ ተጠጋ፣ ትከሻውን አስገባ፣ እግሩን ተከለ። ሰውዬው አንድ ጊዜ ገፋ፣ ሁለተኛ ገፋ። ወንድሜ አልተነቃነቀም። ከዚያ ቁም ሳጥን እንደሚገፋ ሰው ሰውዬውን ከጎሉ ፊት አውጥቶ ወሰደው። የተመታው ጎማ ወንድሜን እግሩ ላይ አግኝቶት ወደ ጥግ ሄደ። ጎል አልገባም። ምንም አልተፈጠረም።

አሠልጣኙ ወንድሜ ለእረፍት ወደ ተጫዋቾች ወንበር ሲመለስ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ ወዲያው ደግሞ መልሶ ወደ ሜዳ ላከው።

እናቴ ቀስ ብላ ተቀመጠችና ወደ እኔ ዘንበል አለች።

"ምን ነበር የሠራሽለት?"

"ምስር። ለውዝ ጨምሬበት።"

ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል ጉልበቴን ጨበጥ አደረገችው።

"ነገም እሱኑ ሥሪለት" አለችኝ።