በአዴ ሀሊማ ስም የሞላሁት ብልቃጥ

ይህን ከአንዲት ሴት በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም ደብቄአለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገር።

በደርግ ጊዜ ጅማ ውስጥ የላቦራቶሪ ትምህርት እማር ነበር፤ ቦሳ አዲስ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቼ። ከሰኮሩ ወደ ቆላው ወረድ ብላ ባለች አንዲት መንደር የእጅ ፓምፕ የተገጠመለት ጉድጓድ ነበር። የልጆቹ ጥርስ ይበልዛል፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች ደግሞ ወገባቸው ይደርቃል፣ ጉልበታቸው አልታጠፍ ይላል። መምህሬ ውሃው ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ነገር በዝቶ አጥንታቸው ላይ እየተከማቸ እንደሆነ ጠረጠረ። የአሥራ ሁለት ሴቶች ደም ቀድቼ እንዳመጣ ላከኝ።

አሥራ አንዱን ቀዳሁ። አሥራ ሁለተኛዋ፣ አዴ ሀሊማ፣ እዚያ እናትን «አዴ» ነው የሚሉት፣ ከወንዙ ማዶ ልጃቸው ቤት ሄደው ነበር። ዝናቡ ጀመረ፤ መኪናው ሊያመልጠኝ ሆነ። ምን አደረግሁ? የራሴን ክንድ አሰርኩ፣ የራሴን ደም ቀዳሁ፣ ብልቃጡ ላይ «ሀሊማ» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ ያደረግሁት። «አንዷን አላገኘኋቸውም» ማለት ምን ነበረበት? ሰነፍ መባል ፈራሁ። ይኸው ነው።

ውጤቱ ከአዲስ አበባ መጣ። የአሥራ አንዱ ሴቶች ደም ውስጥ ፍሎራይድ በዝቶ ተገኘ፤ የሀሊማ ብቻ ደህና ነው ተባለ። ንጹሑ ምንጭ ሩቅ ስለነበር የገበሬ ማኅበሩ በአህያ ውሃ የሚያስጭነው ለሕፃናቱና ለአሥራ አንዱ ሴቶች ሆነ። አዴ ሀሊማን «የእርስዎ ሕመም የዕድሜ ነው፤ የፓምፑ ውሃ አይጎዳዎትም» አሏቸው። ጠጡ።

እኔ ዝም አልኩ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ አሻጥር ይባል ነበር፤ መታሰር ፈራሁ። ይህን የምለው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ብልቃጡን ስሞላ እስር ቤት ትዝም አላለኝ።

በዓመቱ ሴቶቹን አይቼ እንድመጣ ተላክሁ። አንዳንዶቹ ቀለል ብሏቸዋል። አዴ ሀሊማ ግን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር የሚሰግዱት። ሰላታቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ሲነሱ ግድግዳውን ይዘው ነው፤ ያን ሳይ መታገሥ አቃተኝ።

«አዴ ሀሊማ፣ ያ ደም የእርስዎ አልነበረም። የኔ ነበር» አልኳቸው። እንዴት እንደሆነም ነገርኳቸው።

መልሰው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «ያ ረቢ! ዓመት ሙሉ ሥራ ጠልታ ነው የምታነክሰው ስባል? ልጄ እንኳ አላመነችኝም እኮ። እኔም ራሴ፣ ውሸቴን ነው እንዴ የሚያመኝ ማለት ጀምሬ ነበር።»

አጥንታቸውን ብቻ መስሎኝ ነበር የጎዳሁት።

እንባቸውን በሻሻቸው ጠረጉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «በል ቅዳ። ዛሬስ የኔን ነው።»

ቀዳሁ። ውጤቱ እንደሌሎቹ ሆነ፤ ለሳቸውም ውሃ ይጫንላቸው ጀመር። ለመምህሬ ግን «ብልቃጥ ተቀያይሮ ይሆናል» አልኩት። ያ ደግ ሰው ጥፋቱን በራሱ ላይ ወሰደ፤ በደንብ ሳልቆጣጠር ቀርቼ ነው ብሎ መንደሩ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቃቸው። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር። አዴ ሀሊማ አዩኝ፤ አላጋለጡኝም።

ትምህርቴን ጨርሼ ልሰናበታቸው ስሄድ ቆመው ሲሰግዱ አገኘኋቸው። ቀስ ብለው አጎነበሱ፤ ግንባራቸው ምንጣፉን ነካ። እኔ ደጅ ላይ ሆኜ አለቀስኩ። ሲጨርሱ «አልሐምዱሊላሂ፣ አየኸኝ?» አሉ። «አፉ ብዬሃለሁ፣ ኢልማኮ፣ ልጄ። በሰላም ሂድ።» የዚያን ቀን ወደ ሰኮሩ ዳገቱን ስወጣ ትከሻዬ ላይ የነበረው ሁሉ የወረደልኝ መሰለኝ።

ቀኝ ጉልበታቸው ግን እስከ መጨረሻው በደንብ አልታጠፈላቸውም። ያ ዓመት ባይጨመርበት ይታጠፍ ነበር ወይ? አላውቅም። መምህሬም እውነቱን ሳይሰማ ሞተ፤ የሱን ይቅርታ ከማን እጠይቃለሁ?

አሁን ስለተናገርኩት ቀሎኛል፤ አልዋሽም፣ በጣም ቀሎኛል። ልጅ ነበርክ ብላችሁ ግን አታጽናኑኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የማደርገውን አውቅ ነበር።