ጋቢ የለበሰው ማተሚያ

ጓደኛዬ ያገለገለ ትልቅ የፎቶ ማተሚያ ከአዲስ አበባ ያስመጣ ሰሞን፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያለው ፎቶ ቤት የሱ ብቻ መሰለኝ። ሙያውን አብረን ነው የተማርነው፤ ሱቆቻችንም ፊት ለፊት ናቸው። የጮቄ ተራራን ጭጋግ በር አሳክሎ አትሞ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። አላፊ አግዳሚው ይቆማል። ይባስ ብሎ የገዛ እናቴ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ስታይ አገኘኋት።

«አንተስ እንዲህ ያለ አታወጣም እንዴ?» አለችኝ።

በቅናት ድብን አልኩ። እኔ የማትመው የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ነበር። ማንሳቱን ግን እኔ እበልጠዋለሁ፤ ይህን ከተማው ሁሉ በዓይኑ እንዲያይልኝ ፈለግኩ።

እኔም አዲስ አበባ ሄጄ ሥራውን ከዘጋ ማስታወቂያ ቤት ያገለገለ ማተሚያ ገዛሁ። ባለቤቱ ሲያስረክበኝ፣ «ብቻ ሥራ አታስፈታው» አለኝ። «ደንበኛ ባይኖርህም የሆነ ነገር እያተምክ አቆየው። አለዚያ ቀለሙ መርጪያው አፍ ላይ ይደርቅብሃል።»

በአይሱዙ ጭኜ ዓባይን ተሻገርኩ። ደጀንን አልፈን ሉማሜ ሻይ ቤት ስንቆም ከጭነቴ አልርቅም ብዬ ደጅ ቀረሁ። አጠገባችን የቆመው አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ ተሳፋሪው ሻዩን ጥሎ ሮጠ። አግዳሚው ላይ እንፋሎታቸው ገና የሚወጣ ብርጭቆዎች ቀሩ። በካሜራዬ አነሳኋቸውና ረሳኋቸው።

ቤት ስደርስ እናቴ ማተሚያውን ዞር ዞር ብላ አየችው። «የሰው ዓይን ይገባዋል ልጄ፣ ለማንም አታሳይ» ብላ ከአልጋዋ ጋቢዋን አንስታ አለበሰችው። ደስ አለኝ። የማን ዓይን እንደሚያሰጋን ሁለታችንም እናውቃለን። ማተሚያውን ጓዳ ደብቄ የሱን ጮቄ የሚያስንቅ ፎቶ ፍለጋ ወጣሁ። ቁይ ገበያ ድረስ ሄድኩ። ያነሳሁትን ሁሉ በሐሳቤ ከሱ መስኮት ጎን እሰቅለዋለሁ፤ ሁሌም ያንስብኛል። ክረምቱ እንዲሁ አለቀ።

በመጨረሻ ጋቢውን ገፍፌ ሳስነሳው ወረቀቱ በነጭ መስመር ተሸነታትሮ ወጣ። ቀለሙ ደርቋል። በከተማችን ይህን ማጽዳት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ጓደኛዬን ስጠራው መጣ። ጋቢውን አየና፣ «ምነው፣ በርዶት ነው?» ብሎ ሳቀ። ከማን እንደደበቅኩት አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። በስሪንጅና በማጠቢያ ፈሳሽ ሲያጥብ ዋለ።

ሲጨርስ መሞከሪያ ፎቶ ፍለጋ ኮምፒውተሬን መበርበር ጀመረ። የደከምኩባቸውን ሁሉ እያለፈ ሄዶ የሉማሜ ብርጭቆዎች ላይ ቆመ።

«ይቺን» አለ።

«ሰው እንኳ የለባትም እኮ!»

«አለ እንጂ። አሁን ተነስተው ሄደው ነው።»

ወረቀቱ ቀስ እያለ ወጣ። እንፋሎቱ ሳይቀር ይታያል።

ፎቶዋን መስኮቴ ላይ ሰቀልኳት። ሰው የሱን ጮቄ ትቶ ወደ እኔ ይሻገር ጀመር። አንድ ቀን እናቴም ዘንቢሏን አስቀምጣ ስታያት ቆየች።

«ከዚያ ሁሉ ፎቶ ይቺን መርጠህ ማውጣትህ!» አለችኝ።

«እንግዲህ» ብዬ ዘንቢሏን አነሳሁላት። እሱ ከማዶ፣ በሩ ላይ ቆሞ ያየን ነበር። እንደዚያን ቀን ቀንቼበት አላውቅም።