በሳፋ የተለወጠችው ሬዲዮዬ

ሰው ሲጮህብኝ እንኳ አንገቴን ደፍቼ የማልፍ ሴት ነኝ። በዚህ ነገር ግን ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም።

ሬዲዮዋን የገዛልኝ ሟቹ ባለቤቴ ነው። በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ፣ እጀታዋ በላስቲክ የታሰረ። ፀሐይ ወደ ደጋው ስታዘቀዝቅ አጭር ሞገድ ላይ አደርጋትና አንቴናዋን ግቢው ማንጎ ላይ ከወጠርኩት ሽቦ ጋር አገናኝቼ ቁልፏን ቀስ አድርጌ አዞራለሁ። ቀን የማይሰማው ሁሉ ያኔ ይመጣል። የቅርቡን ጣቢያ አልፈልግም፤ የቅርቡንማ ጎረቤት ያሰማኛል። እኔ የምፈልገው ሩቁን ነው፣ ከፉጨቱ ሥር እንደ ትንኝ የሚሰማውን።

ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁትም በመሠረተ ትምህርት ነው። የጣቢያዎቹን ስም ስለማላውቅ እኔው አወጣሁላቸው። ባለ ሳሉ ሰውዬ አለ፤ እያወራ ይስላል። አንዲት ሴት ደግሞ አለች፤ ከመናገሯ በፊት ደወል ይመታል፣ ከዚያ ልጅ እንደምታስተኛ እናት ቀስ ብላ ታወራለች። የምን አገር ሴት እንደሆነች አላውቅም። ሙዝ እየነገድኩ ከኩልፎ ወንዝ ዳር እስከ ሻሸመኔ ዞሬያለሁ፤ ከሻሸመኔ ወዲያ ግን እግሬ አልሄደም። ከዚያ ወዲያ የሄድኩት በሬዲዮዬ ነው።

ነገሩን ያመጡት የምራቴ የጸሎት ጓደኞች ናቸው። እኔም የወንጌል አማኝ ነኝ፣ አብሬያቸው እዘምራለሁ። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ እኛ ቤት ለጸሎት ሲሰበሰቡ ሬዲዮዬ ጓሮ ሆና ታፏጫለች። አንደኛዋ፣ ድምፀ ወፍራሟ፣ "ይሄ የሰው ቋንቋ አይደለም፤ እማማን የሚያናግራቸው ማነው?" አለች። ወጥተው ከበቡኝ። እጃቸውን ጫኑ፤ በእኔ ላይ ቢሆን ምንም አልነበረም፣ በሬዲዮዋ ላይ! "ውጣ! ውጣ!" ይላሉ። ባለ ሳሉ ሰውዬ ግን ሳሉን ቀጠለ።

"እናንተ በልሳን ስትጸልዩ መንፈስ ቅዱስ ነው፤ ሬዲዮዬ የማታውቁትን ቋንቋ ብታወራ ጋኔን ሆነች?" አልኳቸው። አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ምራቴ ግን አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ ጫኖ ያለችው ልጄ ወልዳ ልጠይቃት ሄድኩ። ስመለስ ሽቦዬ ላይ እርጥብ ልብስ ተሰጥቷል። ሬዲዮዋ የለችም። በቦታዋ ሰማያዊ ሳፋ ተቀምጧል።

"ልዋጩ መጥቶ ነበር፣ እማማ" አለች ምራቴ ዓይኔን ሳታይ። ልዋጭ የምንለው አሮጌ ዕቃ ተቀብሎ ፕላስቲክ የሚሰጠውን ነጋዴ ነው። "ያው አሮጌ አይደለች? ቤቱም ሰላም ያግኝ ብዬ ነው።"

ባሏ፣ ወንዱ ልጄ፣ ደግሞ የሚያባብለኝ መስሎት፣ "እማዬ፣ ስልክ እገዛልሻለሁ። የዓለም ሬዲዮ ሁሉ ተደርድሮ ጥርት ብሎ ይመጣልሻል" አለኝ።

"ተደርድሮ ከመጣማ እኔ ምኑን ፈለግኩት?"

"አርጅተሻል እኮ እማዬ፤ ፉጨት ምን ያደርግልሻል?"

ያን ጊዜ ነደድኩ። ሳልሞት ዕቃዬን የተካፈሉ መሰለኝ።

በማግስቱ ሳፋውን ተሸክሜ ሲቀላ ገበያ ወረድኩ። ልዋጩ ሬዲዮዬን ጆጎቹ መሃል አስቀምጦ በኤፍኤም ኳስ ያዳምጣል። የቅርቡን!

"ሳፋህን እንካ፣ ሬዲዮዬን አምጣ።"

"እማማ፣ ልዋጭ አይመለስም። ጆግ ልጨምርልዎት?"

ሳፋውን ደፍቼ ዕቃው ፊት ተቀመጥኩበት። ገዢ በመጣ ቁጥር፣ "ከዚህ ሰው አትግዙ፤ የአሮጊት ጆሮ ይሸጣል" እላለሁ። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ለመነኝ። ፀሐይ ዘንበል ስትል ሬዲዮዋን ጭኔ ላይ ጣል አደረጋትና "ገበያዬን ዘጉብኝ እኮ! ይውሰዷት፣ እግዜር ይይልዎት!" አለኝ።

"እሱማ እያየ ነው" ብዬው ተነሣሁ።

ቤት ስደርስ ልብሱ አሁንም ሽቦዬ ላይ ነው። አንድ በአንድ አውርጄ ሣሩ ላይ ጣልኩት፤ ልጄ እሁድ እሁድ የሚለብሰው ነጭ ሸሚዝም አልቀረ። ምራቴ እየሮጠች መጣች።

"እማማ፣ ሳፋውስ?"

"ወደ ባለቤቱ ሄዷል።"

"በምን ልጠብ ታዲያ?"

"ጸልዪ፤ ይመጣልሻል።"

ሽቦውን አገናኘሁ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ፉጨት፣ ፉጨት፤ ከዚያ ደወሉ። ሴትዮዋ ማውራት ጀመረች። ምራቴ ሸሚዙን እንደያዘች ቆማ ሰማች።

"ምን እያለች ነው?" አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

"አላውቅም።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን በርጩማ ስቤ "ተቀመጪ" እላት ነበር። አልሳብኩላትም።

አሁን ጫኖም ስሄድ፣ አባያ ሐይቅ ዳርም ስዞር፣ ሬዲዮዋን በነጠላ አዝያት ነው። መንገድ ላይ የሚያውቁኝ፣ "እማማ፣ በዚህ ዕድሜ ወለዱ እንዴ?" ብለው ይስቁብኛል።

"ቤት ትቻት ብሄድ ይለውጡብኛል" እላቸዋለሁ። እኔ አልስቅም።