በአደራ የተላክሁ ዕለት

ልጅ እያለሁ ሰው እንደ ዕቃ በአደራ ይላክ ነበር። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ልጅ ወይም ሽማግሌ ለአውቶቡሱ ሾፌር በስሙ ይሰጣል፤ ሾፌሩም ተቀባዩን በዓይኑ አይቶ ያስረክባል። በእኛ ሰፈር ይህ የጋሽ ሙሄ ሥራ ነበር። ቀይ አሮጌ አውቶቡስ የሚነዳ፣ መፋቂያ ከአፉ የማይለይ ሰው ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላል፣ ሕፃን ሲቀበልም ጤፍ ሲቀበልም።

እኔ የተላክሁት በስምንት ዓመቴ ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላኝ እናቴ ለሥራ ዓረብ አገር ሄዳ፣ ደሴ ያሳደገችኝ አክስቴ ዘይነባ ናት። እናቴ ስትመለስ አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር አካባቢ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ሥራ አገኘችና «ልጄን ላኪልኝ» አለች። እኔ የማውቃት ከአንድ ፎቶግራፍ ነበር፤ ሹሩባ የተሠራች፣ አንገቷ መቃ የመሰለ ቀጭን ልጅ። ፎቶው ግን አክስቴ ግድግዳ ላይ ቀረ።

አክስቴ ስታሳፍረኝ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ፣ «ከጋሽ ሙሄ እጅ ወደ እናትሽ እጅ። በመሃል ማንም ስምሽን ጠርቶ ነይ ቢልሽ እንዳትሄጂ። ከተማው የልጅ ሌባ ሞልቶታል፤ ስም ማወቅማ ለነሱ ምን ያቅታቸዋል» አለችኝ። እኔን ለመጠበቅ ብላ ነው። ያን ቀን የሆነው ሁሉ የሆነው ግን ምክሯን አንድ ሳላጎድል በመፈጸሜ ነው።

መንገዱ መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ፣ የሞተሩ ሙቀት እግሬን እያሞቀኝ፣ የብርቱካን ልጣጭና የናፍጣ ሽታ እየሸተተኝ ተቀምጫለሁ። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጋሽ ሙሄ በመስታወቱ አይቶኝ ሳቀብኝ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ አውቶቡሱ ቆመና ሁላችንም እንድንወርድ ተነገረን። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ያረጁ አውቶቡሶች አዲስ አበባ እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው መስመር በኮንትራት ለአንድ አዲስ ድርጅት ተሰጥቷል። ጋሽ ሙሄ ወሬውን ሰምቶ ነበር፤ ሃያ ዓመት የነዳበትን መንገድ በአንድ ወረቀት ይከለክሉኛል ብሎ ግን አላመነም። ተሳፋሪው ጓዙን እየጎተተ፣ መጋረጃ ያለው ነጭ አውቶቡስ ውስጥ ገባ።

ጋሽ ሙሄ እጄን ይዞ ከረባት ወዳሰረው ሾፌር ወሰደኝ። «ይቺ አደራ ናት። እናቷ ፋጡማ ትባላለች፤ መገናኛ ትጠብቃታለች። በእጅዋ ስጣት» አለው።

ሾፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም። «አባባ፣ እኛ የተዋዋልነው ተሳፋሪ ልናጓጉዝ ነው። መገናኛ አወርድልዎታለሁ፤ ሰው መረከብና ማስረከብ ግን አልችልም» አለ።

ጋሽ ሙሄ ወደኔ ዞሮ «አብሽሪ» አለኝ። እጁ ግን በላብ ርሶ ነበር። ትልቅ ሰው ሲፈራ ያየሁት ያኔ ነው። ኮተቤን ስናልፍ ሽንት ቤት እፈልጋለሁ ለማለት እንኳ አፌ አልተላቀቀም።

መገናኛ ላይ ከነከረጢቴ አውርደውኝ አውቶቡሱ ሄደ። የታክሲ ረዳቶች «ሲኤምሲ፣ ሲኤምሲ» እያሉ ይጮኻሉ፤ ሰዉ ይገፋፋል። በዚያ መሃል ጥቁር አባያ የለበሰች፣ ወፈር ያለች፣ የወርቅ ጥርስ ያላት ሴት እየሮጠች መጣችና «ዘሀራዬ» ብላ ክንዴን ያዘች። ጋሽ ሙሄ የለም። ስሜን ታውቃለች። አክስቴ ያለችው ደረሰ ብዬ የመብራት ምሰሶ አቅፌ ጮኽኩ።

«አላውቃትም፣ ልትሰርቀኝ ነው» አልኩ።

ሰው ለመሰብሰብ ጊዜ አልፈጀበትም። አንዲት ሎሚ ሻጭ ከሴትዮዋ እጅ ነጥቃኝ ከጀርባዋ አደረገችኝ። ሁለት ጎረምሶች ሴትዮዋን ግራና ቀኝ ያዟት፤ «የልጅ ሌባ» የሚል ቃል ከአፍ አፍ ሄደ፣ አንዱም ድንጋይ አነሳ። አንድ ትራፊክ ፖሊስ ደርሶ ሰዉን በእጁ ከለከለና ጎንበስ ብሎ «እናትሽ ናት?» አለኝ። «አይደለችም» አልኩት። ሴትዮዋ ከቦርሳዋ ፎቶ አውጥታ አሳየች፤ የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። «ይቺማ ሌላ ልጅ ናት» አሉ። ከዚያ በኋላ ሻርፗ ወድቆ እንኳ አላነሳችውም፤ እኔን ብቻ ታያለች።

ትራፊኩ ወደ ጣቢያ ሊወስደን ሲል ጋሽ ሙሄ ሽንኩርት ከጫነ አይሱዙ ላይ ዘሎ ወረደ። ልቡ አላስቀምጠው ብሎ አውቶቡሱን ለረዳቱ ትቶ ተከትሎናል። ሰዉን በክርኑ ከፍሎ ገባና፣ «ምን ሆናችኋል? ዓረብ አገር ስትሄድ እዚህ ድረስ ያደረስኳት እኔ ነኝ። የራሷ ልጅ ናት» አለ። እጄን አንስቶ እጅዋ ውስጥ አስቀመጠው። «ፋጡማ፣ አደራሽን ተረከቢኝ» አላት። የእናቴ እጅ በረዶ ነበር። ድንጋይ ያነሳው ሰውዬ ሻርፗን አንስቶ እያራገፈ ሰጣት።

ታክሲ እስክንገባ ድረስ የማየው ጋሽ ሙሄን እንጂ እሷን አልነበረም። ለብዙ ጊዜም «እማ» ማለት አቅቶኝ «እትዬ» እላት ነበር። ቀዩ አውቶቡስ ከዚያ ወዲያ ደብረ ብርሃንን አላለፈም፤ ጋሽ ሙሄንም ደግሜ አላየሁትም።

ዛሬ የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ክረምት ልጄ ከባለቤቴ እህት ጋር ከደሴ ስትመለስ፣ «የድርጅቱ ውል ስለተቋረጠ በሌላ አውቶቡስ ትሳፈራላችሁ» የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። የታርጋው ቁጥር ተጽፏል፣ የልጄ ወንበር ሳይቀር ተጽፏል። ከድሮው እንደሚሻል አልክድም። እኔ ግን መልእክቱን አምስት ጊዜ አንብቤ፣ እናቴን ይዤ ከሰዓቱ በጣም ቀድሜ መናኸሪያ ደረስኩ።

ቆመን ስንጠብቅ ስንት ዓመት ያፈንኩትን ጠየቅኋት፤ «ያን ቀን ሰዉን ፈርተሽ ነበር?»

«ሰዉንስ አልፈራሁም» አለች፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል። «ቢመቱኝም ያልፋል። አንቺ አላውቃትም ስትይ ግን ውሸትሽን አልነበረም። እሱ ነው ያስፈራኝ።»

አውቶቡሱ ገብቶ በሩ ሲከፈት ልጄ ቀድማ ወረደች፤ ሰዉን በዓይኗ ፈለገችና እኔን አልፋ ሮጣ እናቴ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እኔ ሻንጣውን ይዤ ወደኋላ ቀረሁ፤ እናቴ ስታለቅስ እንዳላያት ብዬ ነው።